የጋሽ ወልዴ ልጅ ፕሮቲን

በልጁ የሚኮራ አባት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጎረቤቴን ጋሽ ወልዴን ካላያችሁ አላያችሁም። ልጃቸው ሰናይት ተመራማሪ ናት፤ ምን እንደምትመራመር ብትጠይቋቸው ግን ወሬ ይለውጣሉ።

በቀደም ሦስታችን ከአዲስ አበባ ወደ ወልቂጤ ስንመለስ መኪናችን መንገድ ላይ ተበላሸ። ሰናይት በያዘችው የበረዶ ሳጥን ውስጥ፣ ሰውነታችን ጀርም መግባቱን የሚያውቅበት ዓይነት ፕሮቲን ነበር፤ በቤተ ሙከራ የተሠራ ነው፤ ከሞቀ ይበላሻል።

ጋሽ ወልዴ አንድ ሚኒባስ አስቆሙና፣ «የበሽተኛ መድኃኒት ይዘናል» አሉ።

«መድኃኒት አይደለም፣ ለምርምር ብቻ ነው» አለች ሰናይት። «ከሞቀ ግን የወራት ልፋቴ ገደል ይገባል።»

ሾፌሩ ትንሽ አሰበና፣ «ግቢ እህቴ» አላት። ፕሮቲኑ ሳይሞቅ ደረሰ።

አባትየው ያፍራሉ ብዬ ነበር። በማግሥቱ ግን ሰፈሩን እየዞሩ፣ «ልጄ ለአባቷም ብላ አትዋሽም» ይሉ ነበር።