የአያ ፍልፈል ጥርሶች

በዚህ አገር ብሩሽ የያዘው አንድ ሰው ነው፤ ሠዓሊው ግን ሕዝቡ ሁሉ ነው። እስቲ እናንተው ፍረዱኝ። ሐኪም መርፌ ሲወጋ «ትንሽ ጠለቅ አድርጋት» ብሎ የሚያርመው ማን ነው? ቄስ ሲቀድስ «እዚህ ላይ ዜማዋን ረገብ ያድርጓት» ብሎ ከበር የሚጮህ ሰው አይታችኋል? ሠዓሊ መሰላል ላይ ሲወጣ ግን አላፊ አግዳሚው ሁሉ ይቆማል፤ እጁን ወገቡ ላይ ያደርጋል፤ አንድ ዐይኑን ይጨፍናል፤ ከዚያ «ጆሮው አልበዛም?» ይላል። አልበዛም! የበዛው የተመልካቹ ምላስ ነው። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ያሉት አባቶቻችን፣ ደብረ ብርሃን ላይ የደረሰብኝን አስቀድመው አይተውት መሆን አለበት።

ነገሩ የሆነው በደርግ ዘመን፣ ወደ መጨረሻው ገደማ ነው። እኔ ያን ጊዜ የማስታወቂያ ሠዓሊ ነበርኩ። ሥጋ ቤት ሲከፈት የበሬ ጭንቅላት እስላለሁ፤ ፀጉር ቤት ሲከፈት መቀስ እስላለሁ፤ የአብዮት በዓል ሲደርስ ደግሞ እነዚያን ጢማም ፈረንጆች እስላለሁ። ጢም ስስል ከመኖሬ የተነሣ ብሩሼ ራሱ ጢም ያበቀለ ይመስለኝ ነበር። ታዲያ ከዚያ ሁሉ ፊት መካከል አንድም የኔ የምለው አልነበረም። በሬው የሥጋ ቤቱ ነው፤ ጢሙ የመንግሥት ነው። ይህን ልብ በሉልኝና፣ በኋላ ስቆጣ «ለአንድ አይጥ ነው እንዴ ይህ ሁሉ?» እንዳትሉኝ።

ሰይድ የሚባል ወዳጅ ነበረኝ፤ የአሊዩ አምባ ሰው ነው። አባቱ በአህያ ጨው ሲያመላልሱ የኖሩ ነጋዴ ናቸው፤ እሱ የአንኮበርን ዳገት ወጥቶ ደብረ ብርሃን ላይ ሱቅ ከፈተ። አንድ ቀን ጅቡቲ መስመር የሚነዳ የእህቱ ልጅ አንድ ጉድ አመጣለት። (ኬላውን እንዴት እንዳለፈ አትጠይቁኝ፤ እኔም አልጠየቅኩም።) ጥቁር ሳጥን ነው፤ ከቴሌቪዥን ጋር ይያያዛል፤ እጀታ አለው፤ እጀታውን ወዲህና ወዲያ ሲሉት ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለ እንስሳ ይሮጣል። ጌም ይሉታል። ሰይድ ከሱቁ ጓዳ አግዳሚ ደርድሮ ጌም ቤት ከፈተ። ቴሌቪዥን ማለት ያን ጊዜ እኛን የሚያዝ ዕቃ ነበር፤ ዜና ያነብልናል፣ መመሪያ ይሰጠናል፣ እኛ ዝም ብለን እናየዋለን። አሁን እጀታ ይዞ ቴሌቪዥንን ማዘዝ ተቻለ! የከተማው ልጅ ሁሉ እዚያ ጓዳ ውስጥ መሽጎ ዋለ።

ችግሩ እንስሳው ምን እንደሆነ የሚያውቅ አለመኖሩ ነው። ከቅርብ ሲያዩት ጥቂት ቡናማ ነጠብጣብ ነው፤ ራቅ ሲሉ ግን ነፍስ ይዘራል። መሬት ይቆፍራል፣ ከጉድጓዱ ድቡልቡል ነገር ያገኛል፣ ይበላል፣ የሚያሳድደው ሳይደርስበት ያመልጣል። መልኩ የታተመበት ካርቶን ዝናብ መትቶት፣ ተልጦ ነው የደረሰው። ሰይድ ጠራኝና «ይህን እንስሳ በራፌ ላይ ሳልልኝ» አለኝ። ምን ዓይነት እንስሳ ነው ብለው፣ «አላህ ይወቅ! ሠዓሊው አንተ አይደለህ?» አለኝ። ሠዓሊው አንተ አይደለህ! በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ሰምቼ አላውቅም።

አሰብኩ። ቡናማ፣ ድቡልቡል፣ መሬት ቆፍሮ የሚኖር፣ ከሰው ሲሸሽ የሚኖር ማን ነው? ፍልፈል ነዋ! የሰሜን ሸዋን ገበሬ ከሥር ከሥር እየማሰ የሚያስለቅሰው ፍልፈል። ፈረንጆቹ ምን ብለው እንደሠሩት እንጃ፤ ደብረ ብርሃን ሲደርስ ግን ፍልፈል ሆኖ ነው ከመኪና የወረደው። በሁለት እግሩ አቆምኩት፤ ቀይ ቁምጣ አለበስኩት፤ እንቁላል አስያዝኩት። ከፊት ደግሞ ሁለት ረጃጅም ጥርሶች ሰጠሁት፤ ፍልፈል የሚቆፍረው በጥርሱ ነውና ክብሩም ጥርሱ ነው። ሲስቅ ነው የሳልኩት። በዚያ ብርድ ጣቴ እየደረቀ፣ ብሩሹን በሁለት እጄ እየያዝኩ ጨረስኩትና ከመሰላሉ ወርጄ ቀና ብዬ አየሁት። አልደብቃችሁም፣ እንባዬ መጣ። የበሬ ጭንቅላት አስለቅሶኝ አያውቅም። በማግስቱ ልጆቹ «አያ ፍልፈል» የሚል ስም አወጡለት። ከሥራዬ ሁሉ ስም የወጣለት እሱ ብቻ ነው።

ደስታዬ የቆየው ሰይድ ከአሊዩ አምባ ገበያ እስኪመለስ ነው። በራፉ ላይ ቆሞ አየ፣ አየና «ወላሂ አፍንጫው አልጣመኝም» አለ። ምን ሆነ ብለው፣ «አሳማ ይመስላል። በራፌ ላይ ሐራም ሰቅዬ ውስጥ ሐላል ልነግድ?» አለኝ። ፍልፈልስ ሐላል ሆኖ ነው እንዴ ብዬ ተከራከርኩ። «ፍልፈል ልበላ ነው ያልኩህ? አሳማ ይመስላል ነው ያልኩህ» አለኝ። ቤቱ የሱ ነው፣ ምን አደርጋለሁ? አፍንጫውን አቀጠንኩት። አያ ፍልፈል ቀጭን አፍንጫ ሲያወጣ የመኳንንት ዘር መሰለ፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ይህም የራሱ አደጋ ነበረው።

ቀጥሎ ዐቢይ ጾም ገባ። ወይዘሮ አስካለ የደብራችን ቄስ ባለቤት ናቸው፤ ልጆቻቸው ከሰይድ ጓዳ አይጠፉም። አንድ ጧት መሰላሌን ተሸክሜ ሳልፍ አስቆሙኝና «ምነው ልጄ፣ በሁዳዴ እንቁላል?» አሉኝ። ሥዕል እኮ ነው፤ ደግሞ ይዞታል እንጂ አልበላውም ብላቸው፣ «በእጁ የያዘ መብላቱ ይቀራል?» አሉ። የከነከናቸው ግን ከዚህም ይብሳል። ልጆቻቸው ቴሌቪዥኑ ውስጥ እንስሳውን እያሯሯጡ ያበሉታል፤ ታዲያ በጾም ያበላ ከበላው በምን ይሻላል? ቄሱንስ ጠይቀዋቸዋል ወይ አልኳቸው። ቄሱ «ፍልፈል አይጾምም» ብለዋቸው ኖሯል። «እሳቸው ልበ ገር ናቸው፤ ሁሉን ያልፋሉ» ብለው ፍርዱን ሻሩት! ባለቤታቸውን የሻሩ ሴት እኔን ይምሩኛል? ሰይድም እናቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቀሩበት ሰግቶ ለመነኝ። እንቁላሉን ድንች አደረግኩት። እንቁላል ወደ ድንች መለወጥ ቀላል ነው፤ የቀለም ጉዳይ ነው። የሚከብደው እሺ ማለቱ ነው። ፋሲካ ሲውል እመልሰዋለሁ ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ፋሲካ ሳይደርስ ጓድ ታደሰ ደረሰ። ጓድ ታደሰ የቀበሌያችን የፕሮፓጋንዳ ኃላፊ ነው፤ ባዶ ግድግዳ ካየ መፈክር የሚያምረው ሰው። «ጓድ ሠዓሊ፣» አለኝ፣ «ቀይ የሰማዕታት ደም ነው። አይጥ መቀመጫ ላይ ምን ይሠራል?» አይጥ ሳይሆን ፍልፈል ነው አልኩ፤ ማን ሰምቶኝ! ዐይኑ ድንቹ ላይ አረፈ። ይህ ድንች የማን ነው? የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር አይደለም? የማኅበር ንብረት ዘርፎ ጭራሽ ይስቃል? ይኸውላችሁ፣ ትናንት ጾመኛ የነበረው አያ ፍልፈል ዛሬ ወንበዴ ሆኖ አረፈው። ቁምጣውን ካኪ ሱሪ አደረግኩት፤ ድንቹን ነጥቄ ዶማ አስጨበጥኩት። ዶማ! ጥርሱ ለመቆፈሪያ ለተሰጠው ፍጡር ዶማ! ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ የኔን አጥር ነቅንቀው ነቅንቀው ማገዶ አደረጉት።

ያም ሆኖ ጥርሱ ነበረልኝ። ጥርሱና ሳቁ እስካሉ ድረስ የቀረውን ቢያለብሱት ቢያራቁቱት ያው አያ ፍልፈል ነው እል ነበር። ጓድ ታደሰ ግን እንደገና መጣ። በዚህ ጊዜ አልጮኸም፤ ዙሪያውን ገላመጠና ጆሮዬ ሥር «ጥርሱን አውልቀው» አለኝ። ለምን? «አውልቀው ነው ያልኩህ።» ጥርስ ከሌለው ምኑን ፍልፈል ሆነ? «ጓድ ሠዓሊ፣ እኔ ማንንም ይመስላል አላልኩም» አለኝ። ግራ ገብቶኝ ማንን ይመስላል ብለው፣ «ማንንም ይመስላል አላልኩም ስልህ! አንተ ማንን መስሎህ ነው የምትጠይቀኝ?» ብሎ አፈጠጠብኝ።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ሁለት የፊት ጥርሶች አሏቸው። ሁላችንም አሉን፤ የሳቸው ግን ስብሰባ የሚገቡት ከሳቸው ቀድመው ነው። የከተማው ሰው ሁሉ ያየዋል፤ የከተማው ሰው ሁሉ አላየውም። አይቶ አለማየት በዚያ ዘመን ራሱን የቻለ ሙያ ነበር። አስቤ አላደረግኩትም፣ እግዜር ምስክሬ ነው። ግን በየእሑዱ ስብሰባ ፊት ለፊታቸው ሲቀመጥ የኖረ ሰው እጁ ሌላ ምን ጥርስ ያውቃል? ሰው በአንዲት ቀልድ ደብዛው በሚጠፋበት ዘመን፣ የሊቀመንበርን ጥርስ ፍልፈል አፍ ውስጥ ሰክቶ ዋና መንገድ ዳር ማቆም! ሚስቴ ዐይኔ ላይ ድቅን አለችብኝ። ደግነቱ ሊቀመንበሩ ለስብሰባ አዲስ አበባ ሄደው ነበር። ሳይመለሱ ብዬ መሰላሌን አነሣሁ።

ጥርሱን አውልቄ አፉን ዘጋሁት። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ አያ ፍልፈል ግን ዝም ባለ ዕለት ነቀዘ። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቆመው አዩትና «ይሄ የማን አያት ነው?» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ቀጭን አፍንጫ፣ ካኪ ሱሪ፣ ዶማ፣ የተጨማደደ ከንፈር፤ ጡረታው የዘገየበት የመንግሥት ሠራተኛ ሆኗል። በውይይት ክበብ ዝንጀሮን ወደ ሰው የለወጠው ሥራ ነው እያሉ ያስተምሩን ነበር፤ ፍልፈልን ወደ ሰው የለወጠው ግን አስተያየት ነው። ሰይድ እንኳ አዝኖ «ወላሂ፣ አሳማው ይሻል ነበር» አለኝ። እንዲህ ሊለኝ ነው እንግዲህ አፍንጫውን ያስላጠኝ! ብው አልኩ፤ ግን በማን ላይ ልጩኽ?

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። በገበያ ቀን ሊቀመንበራችን ከተፍ አሉ። ከጎናቸው ነጠላቸውን አፋቸው ድረስ የተከናነቡ አሮጊት አሉ፤ ከኋላቸው ጓድ ታደሰ። እኔ ከሰይድ ጋር በራፉ ላይ ቆሜ ስለነበር መሸሸጊያ አጣሁ። ሊቀመንበሩ ቀና ብለው ሥዕሉን አዩት። ከዚያ «ጥርሱስ?» አሉ።

ጓድ ታደሰ ጉሮሮውን ጠረገና «ሠዓሊው ነው ያወለቀው፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለ። ሠዓሊው! በጠራራ ፀሐይ! ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞረው «ምን በደለህ?» አሉኝ። እርስዎን መሰለና ፈራሁ ልበል? አንገቴን ደፋሁ።

ከዚያ የተናገሩትን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። በልጅነታቸው፣ እነዋሪ ሳሉ፣ ልጆች «ፍልፈል፣ ፍልፈል» እያሉ ያባርሯቸው ኖሯል። አፋቸውን ገጥመው ነው ያደጉት፤ ስብሰባ ላይ የማይስቁትም ለዚሁ ነው። (እኛ ደግሞ የአብዮቱ ቁጣ መስሎን ስንት እሑድ ተንቀጠቀጥን!) አዲስ አበባ ከመሄዳቸው በፊት ግን ትንሿ ልጃቸው እዚህ በራፍ ላይ አቁማቸው «አባዬን ይመስላል፣ እንዴት ያምራል!» አለቻቸው። ያምራል የሚል ቃል በዚያ ጥርስ ላይ ሲነገር ሰምተው አያውቁም ነበር። እናታቸውን ከእነዋሪ ያስመጡትም ለዚህ ነው። «ጥርሱን ያወረሰችኝ እሷ ናት፤ አንድ ቀን እንኳ ደስ ይበላት ብዬ» አሉ። እናቲቱም ነጠላቸውን ከአፋቸው ዝቅ አድርገው ፈገግ አሉልኝ። እውነትም ጥርሱ የናት ርስት ነው። አንጀቴን በሉት።

«አሁኑኑ መልስለት» አሉኝ ሊቀመንበሩ። መሰላሉ ቆመ፣ ነጭ ቀለም መጣ። ብሩሹን ነክሬ ወጣሁና እጄ አየር ላይ ቀረ። ምን ያህል ይረዝሙ ነበር? ከግድግዳው ስፍቃቸው፣ በፍርሃት ከአእምሮዬም ፍቄያቸው ኖሯል። ልኩ ጠፋኝ ብዬ ተናገርኩ። ሊቀመንበራችን ከመሰላሉ ሥር ቀረቡና፣ ቀና ብለው አፋቸውን ወለል አድርገው ከፈቱልኝ። በዋናው መንገድ! በገበያ ቀን! ገበያተኛው ሁሉ ቆመ። ስንት ዘመን በስርቆሽ ያየውን ነገር ዛሬ በይፋ እይ ቢባል፣ የሚያይበት ዐይን አጥቶ መሬት መሬቱን አየ። ወይዘሮ አስካለ አማተቡ። ሰይድ «ቢስሚላህ በል» አለኝ። እኔም የቀኙን ጨርሼ የግራውን ጀመርኩ።

መሰላሉን የደገፈልኝ ጓድ ታደሰ ነበር። ማንንም ይመስላል ያላለው ጓድ ታደሰ! ያን ጥርስ ጨርሶ አይቶት የማያውቀው ጓድ ታደሰ! ወደተከፈተው አፍ ዘወር ብሎ እንኳ ሳያይ፣ ብሩሼን በዐይኑ ሲከተል ቆየና «ጓድ ሠዓሊ፣» አለኝ፣ «የግራው ትንሽ ረዘም ይላል፤ ጫፉም ወደ ውስጥ ዞር ያለ ነው።»