የወለላ ጋብቻ

እኛ ሰዎች ለማናውቀው ሰው ማልቀስ አያቅተንም፤ ላልተፈጠረ ሰውም ሽማግሌ ከመላክ አንመለስም! «ኧረ አጋነንሽ» የሚለኝ አንባቢ ካለ፣ ድሬዳዋ እኛ ግቢ ውስጥ በአንድ እሑድ ከሰዓት የሆነውን ይስማና ይፍረድ።

ዘመኑ የደርግ ማብቂያ ግድም ነው። ማብቂያው መሆኑን ግን ያኔ የነገረን የለም… አባቴ የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ነበር። አንድ ቀን ከጅቡቲ ሲመለስ ከቴሌቪዥን ጋር የሚገናኝ የጨዋታ ሳጥን ይዞ መጣ። በጉምሩክ ኬላው እንዴት እንዳሳለፈው አትጠይቁኝ፤ እኛም አልጠየቅነው።

ጨዋታው የሚካሄደው በሕዋ ላይ ነው። አንዲት ልዕልት አለች፤ የአባቷን ፀሐይ ጠላት አጥፍቶባት፣ እናቷ በመስታወት ተራራ ውስጥ ተኝታባት፣ ፋኖስ ከሚይዝ ሽማግሌ አያቷ ጋር በመርከብ ከኮከብ ኮከብ የምትንከራተት። ጽሑፉ ሁሉ ፈረንሳይኛ ነው። አባቴ ያነብልናል፤ እኔ ያኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ቤት የተቀመጥኩ ቆንጆ (አትሳቁ!) ማዘዣውን ይዤ እጫወታለሁ። የልዕልቲቱ ስም ምላስ የሚያስር ስለሆነ እናቴ «ወለላ» አለቻት። ወለላ ሆና ቀረች።

ጎረቤታችን አዴ ፋጡማ ገና ከበር ስትገባ ሰላምታዋ ተለወጠ። «እንዴት አደራችሁ» ቀረና «ወለላ እንዴት አደረች?» ሆነ። እናቴም «ደኅና ናት፤ ሽማግሌው ግን ትናንት ሲያስለው ነበር» ትላታለች። ሲያስለው አልነበረም፤ ድምፅ ማጉያው ተበላሽቶ ነው!

ያን እሑድ ሙቀቱ ስለባሰ ቴሌቪዥኑን በረንዳ ላይ አወጣነው። ጥፋታችን እሱ ነው። ሽማግሌው ፋኖሱን አስቀምጦ አንድ ነገር ተናገረ። አባቴ መነጽሩን አስተካከለና፣

«መርከቧ አዛዥ ትፈልጋለች፤ ወለላ ማግባት አለባት ይላል» አለ።

እጩዎቹ ሁለት ናቸው። አንዱ ጎራዴ የታጠቀ የመስፍን ልጅ። ሌላው ሦስት ዓይን ያለው፣ መልኩ ሰማያዊ፣ የአንጥረኛ ልጅ። ቴሌቪዥናችን ጥቁርና ነጭ ነው፤ ሰማያዊ መሆኑን ያወቅነው አባቴ ስላነበበልን ነው።

«ለጉርባው ስጧት!» አለች አዴ ፋጡማ ወደ ባለሦስት ዓይኑ ልጅ እየጠቆመች። «ወላሂ አደብ አለው። በሦስት ዓይን ይጠብቃታል።»

«ዘሩ ሳይጠና?» አለች እናቴ።

አባቴ ዘሩን አነበበ። የወለላና የባለሦስት ዓይኑ አያቶች እህትና ወንድም ሆነው አረፉት! እናቴ ከመቀመጫዋ ተነሳች።

«ሰባት ቤት ሳይቆጠር? በእኛ ነውር ነው!»

«በእኛ ይፈቀዳል አቦ!» አለች አዴ ፋጡማ። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ!»

«ሕዋ ላይ የማን ሕግ እንደሚሠራ አልተጻፈም» አለ አባቴ፤ ሰሚ ግን አላገኘም። የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ሲመጣ እንኳ እንደዚያ አይጮኽም። በመጨረሻ እናቴ ሰፈሩ እስኪያስተጋባ «ልዕልቲቱን ለዘመዷ አልድርም!» አለች።

«የትኛዋን ልዕልት?»

ዞር ስንል የቀበሌው ሊቀመንበር በሩ ላይ ቆሟል! ከበርጫው ተነስቶ ነው መሰል ጉንጩ በጫት ተወጥሯል። አያችሁ፣ በዚያ ዘመን ልዕልት ማለት በጓዳም አይቻልም።

«ጓድ… የሰማይ ናት» አለ አባቴ።

«የሰማይ? የሃይማኖት ስብሰባም አለ ማለት ነው!» ዓይኑ ሳጥኑ ላይ አረፈ። «ይህስ? ቀረጥ ተከፍሎበታል?»

የአባቴ ሥራ፣ ባቡሩ፣ እንጀራችን ሁሉ በዚያች ሳጥን ውስጥ የገባ መሰለኝ።

«ነቅለሽ አምጪው» አለኝ ሊቀመንበሩ። ጎንበስ ስል «ቆይ… ይህ ባለሦስት ዓይኑ ማነው?» አለ።

«እጩ ሙሽራ ነው» አለ አባቴ። «የአንጥረኛ ልጅ።»

«የላብ አደር ልጅ! ያኛውስ?»

«የመስፍን ልጅ።»

ሊቀመንበሩ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ታዲያ ይህ ምን ያከራክራል? ለላብ አደሩ ዳሯት!»

ማን ይከራከረዋል? ባለሦስት ዓይኑን መርጬ ተጫንኩት። ሠርጉ ደመቀ፤ አዴ ፋጡማ እልል አለች፤ ሊቀመንበሩም አጨበጨበ። ከዚያ ሙሽራው ሦስተኛ ዓይኑን ጨፈነና… ፊቱን እንደ ጭንብል አወለቀው። ፀሐይዋን ያጠፋው ጠላት ራሱ ነበር! ሽማግሌውን ከነፋኖሱ ዋጠው፤ መርከቧን አቃጠላት። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ!

«ሰርጎ ገብ!» ብሎ ሊቀመንበሩ ብድግ አለ።

እናቴ ሽማግሌው ሲዋጥ ፍርሃቷም አብሮ ተዋጠ መሰለኝ፣ «ጓድ፣ ሽማግሌውን አስበሉብን እኮ! ግለ ሂስ ያድርጉ!» አለችው።

አለቀልን አልኩ። አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። ሊቀመንበሩ ግን ቆቡን አወለቀ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ወደ እናቴና ወደ አዴ ፋጡማ ዞሮ፣

«የግለሰቡን ማንነት ሳላጣራ… ቸኩያለሁ» አለ። ከዚያ በቁጣ፣ «እንደገና ይጀመር!»

እንደገና ጀመርን። መንገዱን ስለለመድኩት ጀንበር ሳትጠልቅ እዚያው ጥያቄ ላይ ደረስን። ሊቀመንበሩ አሁን ላቡን እየጠረገ «እንግዲህ… ባለጎራዴውን» አለ፤ አብዮቱ እንዳይሰማው ዝቅ ባለ ድምፅ። ልጫን ስል ከታች አንዲት ቀጭን መስመር አየሁ።

«አባዬ፣ ይቺ ሦስተኛዋ ምን ትላለች?»

አባቴ ተጠግቶ አነበበ። «‹ማንንም አላገባም፤ እኔው እነዳለሁ› ትላለች።»

«እስካሁን ለምን አላነበብክልንም?» አለች እናቴ።

«መች ጠየቃችሁኝ? የጠየቃችሁኝ ዘሩን ነው!»

«ሴት ብቻዋን መርከብ ልትነዳ?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ጓድ፣ ባለፈው ስብሰባ ላይ የሴቶች እኩልነት ብለው…» አልኩት።

«እሱማ ለስብሰባ ነው!»

ፈቃድ አልጠበቅሁም፤ ተጫንኩት። ወለላ መሪውን ያዘች። መርከቧ ከፍ አለች፤ አዴ ፋጡማ «ማሻአላህ!» አለች፤ እኔም በደስታ ማዘዣውን ወደ ቀኝ አብዝቼ ገፋሁትና… የመጀመሪያዋ ጨረቃ ላይ ላትመን ቁጭ!

ሊቀመንበሩ «አላልኳችሁም?» በሚል ፊት ዙሪያውን ተመለከተ። ደግነቱ ሳጥኑን ለመንቀል የተነሳ የለም። እናቴ ወንበሯን ወደ እኔ ሳበችና እጇን ትከሻዬ ላይ አደረገች።

«ምንም አይደል፣ ጀምሪላት» አለችኝ። «አሁን ግን ትንሽ ወደ ግራ ያዢው።»