ባሕር ለማየት ሄደን ዘመድ አየን

እኛ በምንኖርበት፣ ባሕር በሌለው የአሜሪካ መሀል አገር፣ ከኦሮራ እስከ ሊትልተን ድረስ የአትላንቲክን ዳርቻ እንደ እኔ የሚያውቅ ሐበሻ ካለ ይምጣና ይከራከረኝ። የትኛው ቢች አሸዋው እንደ ዱቄት እንደሚልም፣ የትኛው ጋ ፓርኪንግ እንደማይገኝ በቃሌ እነግራችኋለሁ። ባለቤቴ አልማዝ ግን «ዐሥር ዓመት ሙሉ መረጥክ፤ እግሬን ባሕር ውስጥ የምነክረው መቼ ነው?» ትለኛለች።

ዘንድሮ ቆረጥንና ሜሪላንድ፣ ባሕሩ ዳር ሆቴል ያዝን። ግን እስቲ ንገሩኝ፣ ከእኛ መካከል ቢች በማዕበሉ የመረጠ ማን አለ? የምንመርጠው በዘመድ ነው! የአክስቴ ልጅ ሠናይት ኤርፖርት ተቀበለችንና «እኔ በሕይወት እያለሁ ሆቴል? ሰው ምን ይለኛል!» ብላ በገዛ ስልኬ ካንስል አደረገችው። ቤቷ ከባሕሩ የሦስት ሰዓት መንገድ ይርቃል። አምስት ቀን ሶፋዋ ላይ «በሞቴ!» እየተባልን ስንጎርስ ከረምን። አልማዝ «ዛሬስ?» ባለች ቁጥር ሌላ ዘመድ ምሳ ጠርቶን ይገኛል።

ስንመለስ አልማዝ ግንባሯን የአውሮፕላኑ መስኮት ላይ ለጥፋ ቁልቁል ታያለች። ድንገት አንድ ሰፊ ሰማያዊ ነገር ብቅ አለ።

«እሱ ነው?» አለችኝ።

«እሱ ነው» አልኳት። እስኪሰወር ድረስ ዓይኗን አልነቀለችም።

እናንተን ግን አልዋሽም፤ ከስልኬ ላይ በቀር ባሕር በዓይኔ አይቼ ስለማላውቅ፣ ይሁን አይሁን እኔም አልለየሁትም።