ስሙ ሳይጠራ የሚነሳው ሰውዬ

ሽልማት አልወድም የሚል ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም። ቤቱን መለየት ቀላል ነው፤ ከዋንጫ ብዛት እንግዳ መቀመጫ ያጣል። የመድረኩ ንጉሥ፣ የፊልሙ ግርማ፣ ክቡር አርቲስት ከእነዚሁ አንዱ ናቸው። ባለቤታቸው ግን "አንተ ሰውዬ" ነው የምትላቸው። እኛም ከእሷ ወገን ነንና አንቱታውን እዚህ ላይ እንተወው።

"ሽልማት ዕቃ ነው" ይላል እንግዳ በመጣ ቁጥር። ይህን እያለ ስሙ የተቀረጸበት የዋንጫው ፊት ወደ እንግዳው እንዲዞር በአንድ ጣቱ ገፋ ያደርገዋል። ሜዳሊያውን አጥልቆ ፀጉር ቤት ይሄድና "ውይ፣ ረስቼው!" ይላል። ምሳ ላይ ጨው ስታቀብለው እንኳ ከወንበሩ ተነስቶ፣ የጨው ዕቃውን ደረቱ ላይ አስደግፎ፣ "ይህ የእኔ ብቻ አይደለም" ብሎ ይጀምራል። አዘጋጁን፣ መብራት ሠራተኛውን፣ መጋረጃ ሳቢውን ሳይቀር ያመሰግናል።

"ክቡርነትዎ፣ ምግቡ በረደ እኮ!" ትለዋለች ባለቤቱ።

አንድ ክፉ አመል አለው፤ ስሙ ሳይጠራ ይነሳል። እግሩ ሽልማት ለምዶ፣ አስተዋዋቂው ገና "አንጋፋው..." ሲል ብድግ ነው። አምና የተጠራው ሌላ ሰው ሆነ። ምን ያድርግ፣ እንደቆመ አጨበጨበ። አዳራሹም "እንዴት ያለ ትልቅ ሰው ነው!" ብሎ አብሮት ቆመ። ለምን እንደተነሳ ያወቀችው ባለቤቱ ብቻ ነበረች።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ከበደ። በቅርቡ መድረክ ላይ ቃለ ተውኔቱ ድርግም ብሎ ጠፍቶት ዝም ብሎ ቆሞ ነበር። ተመልካቹ የትወና ጥበብ መስሎት አለቀሰ። ለሽልማት የታጨውም በዚያው ሚና ነው። ጠዋት ክራቫቱን ስታስተካክልለት፣ "ዛሬ ካልተጠራሁ መድረክ በቃኝ" አላት።

"ዕቃ ነው ስትል አልነበር እንዴ?"

ክራቫቱን ራሱ አጥብቆ ወደ በሩ ሄደ። ቀልድ ሲያልፈው አይታ አታውቅም።

አዳራሹ ውስጥ የኮቱ ጫፍ ላይ ሆን ብላ ተቀመጠች። የአሸናፊው ስም ያለበት ፖስታ ተቀደደ።

"አንጋፋው..." አለ አስተዋዋቂው።

ኮቱ ከሥሯ ተወጠረ።

"አንተ ሰውዬ፣ ቆይ!" አለች በጥርሷ መሃል። ክብደቷን ሁሉ ጣለችበት።

የተጠራው ሌላ ነበር።

እንደተቀመጠ አጨበጨበ። ማንም ምንም አላየበትም። እጁን ስትይዘው ግን በረዶ ሆኗል።

በማግስቱ ዋንጫዎቹን ሁሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙሯቸው አገኘች። ምሳ ላይ ጨው አቀበለችው። ተቀበለ፣ ነሰነሰ፣ መልሶ አስቀመጠ። አዘጋጁም ሳይመሰገን ቀረ፤ መጋረጃ ሳቢውም። ዕድሜዋን ሙሉ "ኧረ ዝም ብለህ ብላ!" ስትል የኖረች ሴት፣ ያን ዝምታ መዋጥ አቃታት።

የጨው ዕቃውን ከፊቱ አነሳች። ቆመች። ማንኪያዋን እንደ ማይክሮፎን አፏ ላይ ደገነች፤ ድምጿን እንደ አስተዋዋቂው አወፍራ፣

"ክቡራትና ክቡራን! የዘንድሮው የጨው ተሸላሚ፣ አንጋፋው..."

ወንበሩ ወደ ኋላ ሲንፏቀቅ ሰማች። ስሙን ገና አልጠራችም፤ ሰውዬው ቆሟል።