ዓሦች ደሴን ሲለኩ

ትናንት ከምሳ በኋላ፣ የጎረቤት አገሮች ስለ ባሕር ወለል ካርታ በሚመክሩበት ስብሰባ ላይ፣ በተቀመጥኩበት እንቅልፍ ጣለኝና ሕልም አየሁ። ሥራዬ አገሮቹ የሚልኩልኝን ቁርጥራጭ ካርታ መገጣጠም ነው። የደሴ ልጅ ከባሕር ምን አገናኘው ብትሉ፣ የእንጀራ ነገር ነው። የአንዱ አገር ቁራጭ ግን አልመጣልኝም ነበር። ዓሦች የሚፈለፈሉበት የባሕር ሣር ያለው እዚያ ላይ ነው። የወደብ ቆፋሪዎች ደግሞ በካርታው ላይ ያልተመለከተውን ወለል ሁሉ ሊዝቁት ተዘጋጅተዋል።

በሕልሜ ባሕሩ ከጦሳ ተራራ በላይ ተንጣሎ ነበር፤ ደሴ ወለሉ ሆናለች። ዓሦች ከላይ በጀልባ ሆነው ጥልቀት ለመለካት የእርሳስ ብረት የታሰረበት ገመድ ይጥሉብን ነበር። አንዱ እርሳስ የጎረቤቴን የእትዬ ዘርፌን ጣሪያ መታ።

«ማነህ ቆርቆሮዬን የምትደበድበው?» አሉ ወጥተው።

«ይቅርታ እናቴ፣ ካርታ እያነሳን ነው» አለ አንድ ሰርዲን። ሰርዲን ከጣሳ ውጪ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። «እዚህ ሰው ይወልዳል?»

«ሰባት ወልጄ አሳድጌበታለሁ።»

ሰርዲኑ ጣሪያቸውን በካርታው ላይ አረንጓዴ ቀባው። ነገ ትልቅ ማፈሻ እንደሚመጣና አረንጓዴ ያልሆነውን ሁሉ አፍሶ እንደሚወስድ ነገረን።

«የእኔስ ቤት?» አልኩት። ልጄ ማህደር ውስጥ ተኝታ ነበር።

«የእኛ ውሃ አጥሩ ላይ ያበቃል። ያንተ ቤት የሻርኮች ድርሻ ነው።»

እንደ ልማዴ የትብብር ደብዳቤ ይዤ ወደ ሻርኮች ቢሮ ዋኘሁ። በሩ ክፍት ነበር፤ ጥበቃ እንኳ የለውም። ሻርኩ ደብዳቤውን አገላብጦ አየው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«መረጃ ለመጠየቅ ነው። ማኅተም አለው።»

«ቤቱ ውስጥ ሰው አለ?»

«ልጄ አለች።»

«ታዲያ ከዚህ በላይ ምን ማኅተም ፈለግህ?» አለና ካርታውን አንድም ሳያስቀር ሰጠኝ። ያኔውኑ ለሰርዲኖቹም ላከላቸው። አፉን ቢከፍት የሚውጣቸውን ፍጥረቶች «ወንድሞቼ፣ የጎደለ ካለ ንገሩኝ» ብሎ ሲለምን ሰማሁ። እውነቱን ልናገርና ቀናሁ።

ዓሦቹ ተሰብስበው ቁርጥራጮቹን ጎን ለጎን ዘረጉ። አረንጓዴው አጥሩን ተሻግሮ የእኔን ጣሪያ አለበሰው። በሥራ ዘመኔ እንዲህ የገጠመ ካርታ አላየሁም። ላመሰግን ተነሳሁና «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» አልኩ። ሎሚ የሚለውን ሲሰሙ ሁሉም ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

«እንግዳ ነው፣ ይቅር በሉት» አለች አንዲት ኤሊ።

ይቅር አሉኝ። እኔም ደስታው ቢጸናብኝ ማጨብጨብ ጀመርኩ፤ ጉባኤው በክንፉ ተከተለኝ።

አጠገቤ የተቀመጠው ባልደረባዬ ሱልጣን በክርኑ ጎሰመኝና ነቃሁ። አዳራሹ ሁሉ እያጨበጨበ ነበር፤ እኔም እንደዚያው።

«ካርታውን ሊሰጡን ተስማሙ?» አልኩት።

«ተስማሙ። ቁፋሮው እንዳለቀ ይሰጣሉ።» ትክ ብሎ አየኝ። «ሰብሳቢው ‹ተቃውሞ ያለው?› ሲል ሰዉ ሁሉ እያመነታ ነበር። ማጨብጨብ የጀመርከው አንተ ነህ።»