ለስፒከር ብድግ ማለት

ወንድ ሁለት ዓይነት ነው የሚሏችሁን አትመኑ። ወንድ አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ ሪሞት በሰው እጅ ሲያይ «እስቲ አምጣው፣ እኔ ላስተካክለው» የሚል! ማንዋል የሚያነብ ወንድ አለ ብሎ የሚምል ካገኛችሁ እኔ ያለሁበት መሐል ሜዳ ከተማ ድረስ ይዛችሁልኝ ኑ፤ ጠላውን እኔ እችላለሁ። እኔ በበኩሌ ማንዋል አንብቤ አላውቅም። አንዴ ብቻ ገልጬ ሥዕሉን አይቻለሁ። ጉዱም የመጣው ከሥዕሉ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ ጥሩወርቅ አባቷን ከእኛ ጋር ለማሰንበት የማታደርገው ነገር የለም። አባባ ተክሌ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ገጠር፣ ከከተማው የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ በሚርቀው ቤታቸው፣ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። የአገራችንን የኅዳር ውርጭ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ የበግ ጠጉር ባና ደራርበው ተኝተውም ጠዋት ጉልበታቸው እሺ አይላቸውም። «ብርዱ እስኪያልፍ እንኳ እኛ ዘንድ ይሰንብቱ» እያለች ሦስት ጊዜ አምጥታቸዋለች። ሦስቱንም ጊዜ ምሳ ይበላሉ፣ ቁጭ ይላሉ፣ ቴሌቪዥኑን ትንሽ ያያሉ፣ ከዚያ… «በትሬን አቀብይኝ።» አለቀ! ለምን ሲባሉ «እንዲያው ይብቃኝ» ነው መልሳቸው። ቤቱ ሰፊ ነው። ልጃችን ዩኒቨርሲቲ ከገባች ወዲህ ሁለታችን ብቻ ነን፤ የሚረብሽ የለም። ታዲያ ምን ጎደላቸው?

«ድምፁ ነው» አለች ጥሩወርቅ ባለፈው ሳምንት። «የቴሌቪዥኑ ድምፅ ቀጭን ነው፤ አባቴ አይሰማቸውም። የማይሰሙትን ነገር አፍጥጠው ሲያዩ ሊውሉ ነው?»

ወንድሟ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የላከልን ሆም ቴአትር አልጋ ሥር ካርቶኑ ውስጥ ተጋድሟል፤ አምስት ስፒከር፣ በርጩማ የሚያህል ቤዝ፣ እና ሁሉንም የሚያዝ አንድ ከባድ ማሽን።

«እሑድ አመጣቸዋለሁ። ይቺ የመጨረሻዬ ናት፣ ጌቱ። አሁንም ጥለውኝ ከሄዱ ሁለተኛ ብለምናቸውም አይመጡልኝም» አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። እኔ ደግሞ የሚስቴን እንባ አልችልም… ደግሞም እውነቱን ተናገር ካላችሁኝ፣ ያንን ካርቶን ለመክፈት ስድስት ወር ሙሉ ሰበብ ስፈልግ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሥራ ጀመርኩ። የማንዋሉ ሥዕል ሶፋውን ከግድግዳ አላቆ መሀል ቤት ላይ አስቀምጦታል፤ ሦስቱ ስፒከሮች ከፊት፣ ሁለቱ ከተቀማጩ ጀርባ። እኛ አገር ሰው ግድግዳ ተደግፎ ነው የሚቀመጠው! መሀል ቤት ላይ ተገትሮ የሚቀመጥ ማን ነው? ይህን የሳለው ሰውዬ በዕድሜው አንድ እንግዳ ተቀብሎ አያውቅም መሰለኝ። ያም ሆኖ ሶፋውን ጎትቼ መሀል አደረስኩት። ጀርባው ወደ ጓሮ በር ሆነ። (የጓሮ በር ስል ሌላ ነገር እንዳታስቡ፤ የወረዳ ሠራተኛ ብሆንም የማወራው ስለ እንጨት በር ነው።) የኋላዎቹን ሁለት ስፒከሮች ከበሩ ግራና ቀኝ ሰቀልኳቸው።

ቀጥሎ ማሽኑ ጥያቄ አመጣ። ከተቀማጩ እስከ እያንዳንዱ ስፒከር ስንት ሜትር ነው? ሜትር የለኝም፤ በክንዴ ለካሁና «ሜትር ነው» ብዬ ሞላሁለት። ምን ዓይነት ድምፅ ይሁንልህ? ስታዲየም? አዳራሽ? አዳራሽን ስመርጥ ዜና አንባቢዋ ስብሰባ የምትመራ መሰለችኝና ደንግጬ ተውኩት፤ የሥራ ቀኑ ስብሰባ ይበቃኛል። የእያንዳንዱ ስፒከር ኃይልስ? የፊቶቹን ዜሮ ላይ ትቼ ለኋላዎቹ አሥር ጨመርኩላቸው። ለአባባ ጆሮ የሚቀርቡት እነሱ ናቸዋ! ቤዙንም እስከ ጥግ ወሰድኩት። ስሞክረው ጥሩወርቅ ከማድ ቤት «ማነው እሱ?» ብላ ብቅ አለች። ስፒከሩ ነበር። እኔም ተሳካልኝ ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አባባ መጡ። በርኖሳቸውን ደርበው፣ በትራቸውን ይዘው ገቡና ሶፋውን አዩት።

«ይሄ ምንድነው መሀል ቤት የተገተረው?»

«የእርስዎ ቦታ ነው፣ አባባ። ድምፁ የሚያምረው እዚህ ጋ ነው።»

«ራሴን ልትላጩኝ ነው?»

በስንት ልመና አስቀመጥናቸው። ጠላ ቀረበላቸው። አንድ ተከታታይ ድራማ ከፈትኩላቸው።

አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ድራማው ውስጥ አንድ ሰው በር መታ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ! ከየት? ከአባባ ጀርባ፣ ከጓሮ በር! ከዚያ ኮቴ… ከዚያ «እንደምን ዋላችሁ!»

አባባ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ብድግ። «ኖር!»

አባቷ ሲነሱ ጥሩወርቅ ተነሳች። አማቴና ሚስቴ ቆመው እኔ ልቀመጥ? እኔም ተነሳሁ። ሦስታችንም ዞረን የጓሮውን በር እናያለን። ማንም የለም።

«ማነው የመጣው?» አሉ አባባ፣ «በእግዜር» የሚላቸው ሰው ሲያጡ።

«ቴሌቪዥኑ ነው፣ አባባ።»

«ቴሌቪዥኑ ከፊቴ አይደለም እንዴ? ሰውየው የገባው በጓሮ ነው።»

ስለ ግራና ቀኝ ቻናል ማስረዳት ጀመርኩ፤ ጥሩወርቅ በዓይኗ አፌን ዘጋችው። ተቀመጥን። ሁለት ደቂቃ ሳይቆይ ሌላ እንግዳ! «ኖር!» ብድግ። አንዲት ሴት በግራ ጀርባቸው ስታለቅስ «እግዜር ያጥናሽ፣ እናቴ» ብለው ዞሩ። ውሻ ሲጮህ በትራቸውን አነሱ። የዚያ ድራማ ደራሲ እንግዳ የማይሰለቸው ሰው ነው፤ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ሰባት ጊዜ ተነስተን ሰባት ጊዜ ተቀመጥን። ጠዋት ቅዳሴ ላይ ቆሜ ያልዛለ ጉልበቴ እዚያ ሳሎን ውስጥ ዛለ።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። ድራማው ውስጥ ማለቴ ነው። መጀመሪያ ከኋላ ሿ… አለ፤ ቀጥሎ ቤዙ ነጎደ። የጣራው ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ፣ የጠላው ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ መሄድ ጀመረ።

የአባባ ፊት ተለወጠ። «ክምሬ! የገብሱን ክምር ሳልከድነው ነው የመጣሁት! ጥሩዬ፣ በትሬን!»

«አባባ፣ ዝናብ የለም! ይምጡና ይዩ» ብዬ ክንዳቸውን ይዤ ደጅ አወጣኋቸው። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ የደመና ዘር የለም። አባባ ሽቅብ አዩ፣ ከዚያ ጆሯቸውን ወደ ቤት ሰጡ። ደጅ ፀሐይ፣ ሳሎን ውስጥ ዶፍ!

«አጥፋው!» አለችኝ ጥሩወርቅ ጥርሷን ነክሳ። «አባቴን ልታባርርብኝ ነው እንዴ? አጥፋው!»

እውነት ለመናገር አፈርኩ። ሮጬ ገብቼ የኋላዎቹን ብቻ ላጠፋ ስል ጣቴ የት እንዳረፈ እንጃ፤ ማሽኑ አንድ ነገር ጠየቀኝ፣ እኔም በድንጋጤ «እሺ» አልኩት። ለካ የጠየቀኝ «ሁሉንም ልርሳ?» ብሎ ኖሯል። ረሳ! ቋንቋውን እንኳ ረስቶ በማላውቀው ቋንቋ ይጽፍልኝ ጀመር። ከፊት ብቻ፣ ያ የድሮው ቀጭን ድምፅ ቀረ።

አባባ ተመልሰው ተቀመጡ። በትራቸው በእጃቸው ነው። ጥሩወርቅ ያቺን «ይብቃኝ» የምትል ቃል እየጠበቀች ጣቶቿን ታፍተለትላለች። አባባ አንገታቸውን ወደ ኋላ ዞር አደረጉ።

«ሰዎቹ የት ሄዱ?»

«አባባ፣ ሰው እኮ አልነበረም» አልኳቸው።

«አውቃለሁ። ጆሮዬ ደከመ እንጂ ልቤ ደከመ አሉህ? ዝናቡ ነው ያሞኘኝ። እንግዶቹንማ ገና በሁለተኛው አውቄያቸዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ሰባት ጊዜ ተነሱ?»

በትራቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙት። «እናቷ ካረፈች ወዲህ በጓሮዬ የሚገባ ሰው የለም። በጓሮ የሚመጣ ቤተኛ ነው፤ ቤተኛው ሁሉ የሷ ነበር። ለሰው ብድግ ማለት ናፍቆኛል፣ ልጄ። የናንተም ቤት ጭር ያለ ነው። ጭርታውንማ እቤቴም አላጣሁት፤ እዚያስ በጎቼ ይጮሁልኛል።»

ጥሩወርቅ ማልቀስ ጀመረች። ሦስት ጊዜ ጥለውን የሄዱት ለካ ለዚህ ነው፤ እኛ ግን «የሚረብሽ የለም» እያልን እንኩራራለን!

«በል መልሳቸው» አሉኝ።

ልመልስ? በምን ቋንቋ? ሪሞቱን ከላይ እስከ ታች ነካካሁት። ማንዋሉን… አዎ፣ አነበብኩት! ምንም የለም። አባባ በትራቸውን ተመርኩዘው ከሶፋው ቀና ማለት ጀመሩ። ጥሩወርቅ አየችኝ። ከተጋባን ዘንድሮ ሃያ ሁለት ዓመታችን ነው፤ እንደዚያ አይታኝ አታውቅም።

ሪሞቱን ወርውሬ በፊት ለፊቱ በር ወጣሁ። ቤቱን ዞርኩ፣ ዶሮዎቹን በታተንኳቸው፣ የማገዶውን ክምር ዘልዬ ጓሮ ደረስኩ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ!

«እንደምን ዋላችሁ!»

«ኖር!»

«በእግዜር! በእግዜር፣ አባባ! ይቀመጡ!»

በሩን ከፍቼ ስገባ አባባ ዞረው አዩኝ። ፀጉሬ ላይ የዶሮ ላባ አለ። መጀመሪያ ትከሻቸው ተነቃነቀ፤ ከዚያ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ዓይናቸውን በበርኖሳቸው ጫፍ እስኪጠርጉ ድረስ ሳቁ። በትሩን ለልጃቸው ሰጧት።

«አስቀምጪልኝ። ነገ ክምሩን የሚከድን ሰው ላኩና… ብርዱ እስኪያልፍ እሰነብታለሁ።»

ጥሩወርቅ አቀፈችኝ። በአባቷ ፊት! ደስታዬ ከአቅሜ በላይ ሆኖ ከአባባ አጠገብ አረፍ ልል ስል፣ ክንዴን ያዙኝ።

«ወዴት ነው?» አሉኝ። «ውጣና እንደገና ግባ እንጂ! ደግሞ በሩን ጠንከር አድርገህ ምታ፤ ያኛው ጥርት ብሎ ነበር የሚሰማው።»