ሲስተሙ ውስጥ እናት የለችም

ጓዶች፣ ዛሬ ልጅ ልትሰርቅ ነው ተብዬ ልያዝ ምንም አልቀረኝም።

ልጅቷ ደግሞ የራሴ ናት!

ቆይ፣ አትሳቁ። ይህንን የምጽፍላችሁ መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ በሩን ቆልፌ ነው። ለማንም ሳልነግር ባድር ደግሞ እፈነዳለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ሶልያና ስድስት ዓመቷ ነው፤ ግሬድ ዋን ናት። ዛሬ የጥርስ ቀጠሮ ስለነበራት ከክላስ ቀደም ብዬ ላወጣት ትምህርት ቤቷ ሄድኩ። ኦፊሱ ውስጥ ገብቼ አላውቅም። ጠዋት በባስ ትሄዳለች፣ ከሰዓት በባስ ትመለሳለች፤ እኔ ሆስፒታል ላንድሪ ሺፍት ላይ ነኝ። እዚሁ ካልጋሪ ከፔንብሩክ ሜዶውስ ሰፈር ወደ ሳቫና የገባነውም በዚህ ሰመር ስለሆነ ትምህርት ቤቱ ለእኛ አዲስ፣ እኛም ለእሱ አዲስ ነን።

ጸሐፊዋ ደስ የምትል ሴት ናት። ፈገግ ብላ ስሜን ጠየቀችኝና ኮምፒውተሯ ላይ ጻፈች። ፈገግታዋ ትንሽ ቀነሰ። እንደገና ጻፈች።

«ሶሪ፣ ሪከርዷ ላይ የለሽም» አለችኝ።

«እናቷ ነኝ እኮ» አልኳት።

«ሲስተሙ ውስጥ እናት የለችም።»

እንዴት እናት የለችም?! ታዲያ ማን ወለዳት?

ወዲያው ገባኝ። ባለቤቴ ዳዊት! በሰመር ሪጅስትሬሽኑን ኦንላይን የሞላው እሱ ነው። አንደኛ ኮንታክት ራሱን አደረገ። ሁለተኛ ደግሞ ጋሼ ተስፋዝጊን። ጋሼ ተስፋዝጊ ቤዝመንታቸውን ያከራዩን ኤርትራዊ አባት ናቸው። አስመራ በአማርኛ የተማሩ፣ ከእኔ የተሻለ አማርኛ የሚናገሩ ትልቅ ሰው።

«አንቺ ሥራ ላይ ስልክ አታነሺም፤ እሳቸው ግን ቤት ነው የሚውሉት። ደግሞ ትልቅ ሰው እያለ አንቺን ላስቀድም?» ብሎኝ ነበር። እኔም ጨዋ ሚስት ልምሰል ብዬ «እውነትህን ነው፣ የእኔን ኋላ እናስገባዋለን» አልኩት። ጨዋነቴ ነው የበላኝ።

ጸሐፊዋ መታወቂያ ጠየቀችኝ። መንጃ ፈቃዴን ሰጠኋት። ሂሩት አስፋው ይላል። ልጅቷ ሶልያና ዳዊት ናት። አባትየው ደግሞ ዳዊት መኮንን ነው። ሦስቱን ስም በየተራ አየች። ሦስት ሰው፣ ሦስት ላስት ኔም! ለእኛ ይሄ ሰላም ያለው ቤተሰብ ነው። ለሲስተሙ ግን ባስ ስቶፕ ላይ የተገናኘን ሰዎች ነን።

«ችግር የለም፣ ልጅቷን እንጥራት» አለች።

እኔም ደስ አለኝ። ሞኝ!

ሶልያና ቦርሳዋን አንጠልጥላ መጣች። ትናንት ስታለቃቅስ የሠራሁላት ሹሩባ ራሷ ላይ አለ። ጸሐፊዋ ጎንበስ ብላ «ስዊቲ፣ ይህቺ እናትሽ ናት?» አለቻት።

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። አሰበች።

አሰበች እኮ ነው የምላችሁ!

«ኖ» አለች። «ሂሩት ናት። እናቴ አዲስ አበባ ናት።»

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ። ስንቶቻችን ነን እናታችንን በስሟ እየጠራን፣ አያታችንን «እማዬ» እያልን ያደግነው? እኔ ራሴ ትምህርት ቤት እስክገባ እናቴን «አልማዝ» ነበር የምላት፤ ጎረቤት ሁሉ አልማዝ ሲላት ሌላ ምን ልበላት? ያቺው አልማዝ ዛሬ የልጄ «እማዬ» ሆናለች። ተራዋ ደረሳት።

የእኔ ነገር ግን ከዚህ ይከብዳል። ካናዳ ስመጣ ሶልያና ዳዴ ትል ነበር። እናቴ ጋ ትቻት ነው የመጣሁት። የኢሚግሬሽን ፕሮሰሱ ዛሬ ያልቃል ነገ ያልቃል ሲባል፣ ልጄ በቪዲዮ ኮል አደገች። እዚህ ከመጣች ገና ሁለተኛ ክረምቷ ነው። ስልክ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ሂሩት ነበረች። ከስልኩ ከወጣችም በኋላ ሂሩት ሆና ቀረች።

ዳዊትን ግን «አባቢ» ትለዋለች! እሱም እኮ ስልክ ውስጥ ነበር! የአባት ቦታ ክፍት ስለነበር ዘው ብሎ ገባ። የእኔ ቦታ ግን ሰው ነበረበት።

አላርማትም። «ግድ የለም፣ ቀስ እያለች ትለምዳለች» እያልኩ ለሰው እስቃለሁ። ውስጤ ግን ይፈራል። አንድ ቀን አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ «እናትሽ ማን ናት?» ቢላት ምን ትል ይሆን እያልኩ እፈራ ነበር።

ዛሬ ጠየቋት። መለሰች።

ጸሐፊዋ ሶልያናን ከእኔ ራቅ አድርጋ ወንበር ላይ አስቀመጠቻትና ፕሪንሲፓሏን ጠራች። ረጅም፣ ዝግ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ሁላችንንም ቢሮዋ አስገብታ በሩን ዘጋችው።

ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ፓርኪንግ ላይ የሚወራውን ታውቃላችሁ። «እዚህ አገር በትንሽ ነገር ልጅሽን ይወስዱብሻል።» የእገሌ ልጅ እንዲህ ብላ ተናግራ፣ የእገሊትን ቤት አንኳኩተው። ሁልጊዜ «ወሬ ነው» ነበር የምለው። ዛሬ ያ ሁሉ ወሬ አንድም ሳይጎድል መጣብኝ። እንግሊዝኛዬ ጥሎኝ ሄደ። እኔ እኮ በእንግሊዝኛ ከማናጀር ጋር የምጣላ ሴት ነኝ!

ፕሪንሲፓሏ ሪከርዱ ላይ ላለው አባት ልትደውል ስልኩን ስፒከር ላይ አደረገችው። ዳዊት ትራክ ይነዳል፤ ዛሬ ወደ ሳስካችዋን እየሄደ ነው። አነሳ! እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ።

«ሄሎ፣ የምደውለው ከ...»

«ዳክታችን ንጹሕ ነው! ሁለተኛ እንዳትደውሉ!»

ዘጋው።

የካልጋሪ ሰው ይፍረደኝ። ዳክት፣ ያው የቤት ማሞቂያውን የአየር ቱቦ፣ እናጽዳላችሁ የሚሉት ሰዎች እኛ ቤት ከዘመድ በላይ ይደውላሉ። ግን ዛሬ?! ደግማ ደወለች፣ አላነሳም። በእኔ ስልክ ሞከርኩ፣ ኔትወርክ የለም። ባሌ ዳክታችንን አስከብሮ ሜዳው ውስጥ ጠፋ።

«ሁለተኛው ኮንታክት ጋ እንሞክር» አለች።

ጋሼ በመጀመሪያው ጥሪ አነሱ። እፎይ አልኩ፤ ጋሼ አይጥሉኝም። ፕሪንሲፓሏ «ሂሩት አስፋው የምትባል ሴት ያውቃሉ?» አለቻቸው።

«የስ፣ የስ! ሂሩት ልጄ ናት!» አሉ በእንግሊዝኛ፣ ጮክ ብለው።

ልቤ ቀጥ አለ።

«ሶልያናስ?»

«እሷም ልጄ ናት!»

«ዳዊትስ?»

«ዳዊት? ልጄ ነው እንጂ!»

ፕሪንሲፓሏና ጸሐፊዋ ተያዩ። ሂሩት ልጃቸው፣ ዳዊት ልጃቸው፣ ሁለቱ ደግሞ ባልና ሚስት። ጋሼ እኮ ሰው የወደዱትን ሁሉ ልጄ ነው የሚሉት፤ የፖስታ አመላላሹንም ልጄ ይሉታል! ይህንን በእንግሊዝኛ ላስረዳ ስሞክር «አባቴ አይደሉም፣ ግን አባቴ ናቸው» ብዬ አረፍኩት።

«ሂሩትዬ፣ ምን አድርገውሽ ነው? ልምጣ እንዴ?» አሉኝ በስልኩ።

«ኧረ ጋሼ፣ በእግዚአብሔር! እዚያው ይቀመጡልኝ!»

ፕሪንሲፓሏ በለሰለሰ ድምፅ «ከልጅቷ ጋር የተነሳሽው የቆየ ፎቶ አለሽ?» አለችኝ። አለኝ እንጂ! ስልኬን ከፍቼ በጣም የምወደውን አሳየኋት፤ የክርስትናዋን። ሶልያና ነጭ በነጭ ለብሳ፣ አንዲት ቆንጆ ሴት አቅፋት። ሴትዮዋ ግን እኔ አይደለሁም። እኔ ዳር ላይ ነኝ፤ ግማሽ ፊቴ ተቆርጧል።

«ይህቺ ማናት?»

«የክርስትና እናቷ።»

«ሌላ እናት?» አለች፣ እስክሪብቶዋን እያነሳች።

ቆጥሬላችኋለሁ። አንዷ እናት አዲስ አበባ። አንዷ እናት ፎቶ ላይ። እኔ ደግሞ የጥርስ ቀጠሮ ይዤ የቆምኩ ሴትዮ።

ይሄኔ እንባዬ መጣ። ላቆመው ሞከርኩ፣ እንቢ አለኝ። የፈራሁት ፖሊስ አይደለም። ፖሊስ ቢመጣ ወረቀት አለኝ። የፈራሁት እውነቷን ቢሆንስ ብዬ ነው። ወልጃት፣ ትቻት ሄጄ፣ ቦታዬ ተይዞ ቢሆንስ?

ፕሪንሲፓሏ ወደ ሶልያና ዞራ፣ ዝቅ ብላ ተቀመጠች። ስለ እናት አልጠየቀቻትም።

«ማታ ስትፈሪ ማን ጋ ነው የምትሄጂው?» አለቻት።

«ሂሩት ጋ።»

«ሁልጊዜ?»

«የስ። ባት ሂሩት ከእኔ በላይ ትፈራለች። ስለዚህ እኔ ጋ ትተኛለች።»

ገመናዬን በአንድ ዓረፍተ ነገር! ጸሐፊዋ ከት ብላ ሳቀች፣ ከዚያ አፏን ያዘች። ፕሪንሲፓሏም ፈገግ አለች። «ይገባኛል፣ ግን ያለ ማረጋገጫ ልለቅልሽ አልችልም» አለችኝ። ልክ ናት። የማንንም ልጅ ለማንም አልቃሽ ሴት እየሰጡ ቢልኩ ኖሮ እኔ ነኝ የምጮኸው።

ዲኤንኤው ትዝ ያለኝ ያኔ ነው!

የሶልያና ፕሮሰስ ላይ ልጅሽ መሆኗን አረጋግጪ ተብለን ነበር። እሷ አዲስ አበባ፣ እኔ ካልጋሪ፣ ጉንጫችንን በጥጥ ጠርገው ወሰዱ። ያኔ ተናድጄ ነበር። የላቦራቶሪው ውጤት ኢሜይሌ ውስጥ አለ። ፈልጌ አወጣሁት፤ የእኔም ስም፣ የእሷም ስም፣ «እናት» የሚለውም ቃል ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። ስልኬን በሁለት እጄ አቀረብኩላት።

ልጇን ጥርስ ሐኪም ልትወስድ ዲኤንኤ ያቀረበች ሴት አይታችሁ ታውቃላችሁ? አሁን አያችሁ።

ፕሪንሲፓሏ አነበበች፣ ከመንጃ ፈቃዴ ጋር አስተያየች፣ የልደት ሰርተፍኬቷን ነገ እንዳመጣ ነገረችኝ። ጸሐፊዋ ስሜን እያየሁ አስገባችው። ሶሪም አለችኝ፤ እኔም ሶሪ አልኳት፤ ማን ለማን ሶሪ እንዳለ ሳይለይ ወጣን። የጥርስ ቀጠሮው እንደሆነ አልፏል።

መኪና ውስጥ ገብተን ቀበቶዋን አሰርኩላት። ሞተሩን ማስነሳት አቃተኝ። ላልጠይቃት ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር፤ ጠየቅኳት።

«ሶሊዬ፣ ለምን ኖ አልሽ?»

«ቢኮዝ እማዬ አለች» አለች፣ እንደ ቀላል ነገር።

«እኔስ?»

«አንቺም አለሽ።» ትንሽ አሰበች። «እማዬ ኤርፖርት ላይ አልቅሳለች። በጣም። አንቺ አላየሽም።»

እውነቷን ነው፣ አላየሁም። ልጄን ያመጣችልኝ የዳዊት እህት ናት። እናቴ ደግሞ በስልክ «ደስ ብሎኛል፣ እንኳን እናቷ ጋ ደረሰች» ነው ያለችኝ። አመንኳት። ስታለቅስ እንደነበር የሰማሁት ዛሬ፣ ትምህርት ቤት ፓርኪንግ ላይ፣ ከስድስት ዓመት ልጅ ነው።

ሶልያና በመስተዋቱ አየችኝ። እያለቀስኩ መሆኑን ስታይ ተጨነቀች መሰለኝ፤ ድርድር ጀመረች።

«ኦኬ። ስኩል ስትመጪ ማሚ እልሻለሁ። ቤት ግን ሂሩት።»

«ቤት ለምን ሂሩት?»

«ቤት ስልክ አለ። እማዬ ትሰማለች።»

ይኸው ነው ጓዶች። ከዛሬ ጀምሮ በይፋ እናት ነኝ፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ በትምህርት ሰዓት ብቻ፣ በዓላትን ሳይጨምር። ቤት ስገባ ሂሩት ነኝ። ልከራከር አልኩና አፌን ያዝኩ፤ ልጅቷ ከእኔ ቀድማ የእናቴን እንባ አይታለች።

እስቲ ንገሩኝ፣ ከእናንተ መሃል ፓርት ታይም እናት አለች? ፉል ታይም ለመግባት ስንት ዓመት ይፈጃል?